በአንድ ጠብታ የባሕር ውሃ

ሥራህ ምንድን ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ «ከባሕሩ አጠገብ ያለው የምርምር ጣቢያ ውስጥ ነኝ» ብዬ ነገሩን እዚያው እዘጋዋለሁ። «እዚያ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ከቀጠለ «የባሕር ጃርት እጠብቃለሁ» እላለሁ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ብዙ የለም። እናቴ ለረጅም ጊዜ ዓሣ የምቀልብ ነበር የሚመስላት፤ እኔም አላረምኳትም። የአሥራ ሰባት ዓመት እንጀራዬ ከወንድ የባሕር ጃርት ዘር መቅዳት ነው ብሎ ለእናት መንገር ይከብዳል።

የባሕር ጃርት ብርቱካን የሚያህል፣ ዙሪያውን እሾህ የለበሰ፣ ዓይንም ጭራም የሌለው ፍጥረት ነው። ወንዱን ከሴቷ በመልክ መለየት አይቻልም። አፉ ዙሪያ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ጨው የተበጠበጠበት መርፌ እወጋውና እጠብቃለሁ። ጥቂት ቆይቶ አናቱ ላይ ካሉት አምስት ቀዳዳዎች ቢጫ ነገር ከወጣ ሴት ናት፣ ወተት የመሰለ ነጭ ከወጣ ወንድ ነው። የሴቷን እንቁላል የባሕር ውሃ በሞላ ብርጭቆ እቀበላለሁ። ነጩን ግን ውሃ ሳይነካው በቀጭን መምጠጫ ለቅሜ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እከትና በረዶ ላይ አስቀምጠዋለሁ። «ደረቅ» እንለዋለን።

ደረቁ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ድንጋይ ነው። ሚሊዮን ሕዋሳት ተፋፍገው ተኝተዋል፤ አንዱም ንቅንቅ አይልም። የጣቢያው አለቃ የሆኑት ፕሮፌሰር ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ስሰማ እንደኖርኩት፣ እዚያ ታፍነው ሳሉ የገዛ ትንፋሻቸው ውስጣቸውን ያኮመጥጠዋል፤ ኮምጣጣው እስካልለቀቃቸው ድረስ ጭራቸው አይነሳም፤ ጉልበታቸውም አያልቅም። አንድ ጠብታ የባሕር ውሃ ሲነካቸው የተነካ የንብ ቀፎ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ወደ እንቁላሏ ሲደርሱ በዙሪያዋ ያለው ዝልግልግ ሲነካቸው፣ ከራሳቸው ጫፍ ያለች ቆብ ትፈነዳና እንደ መርፌ የቀጠነ ክር ይወጣል፤ በእሱ ነው እንቁላሏ ላይ የሚጣበቁት። ቆቧ የምትፈነዳው አንዴ ነው። ያለ ቦታዋ ከፈነዳች የዚያ ሕዋስ ነገር አበቃ።

ይህን ሁሉ የማውቀው በጆሮዬ ነው። ጣቢያው የገባሁት ገንዳ ፋቂ ሆኜ ነበር፤ ትምህርቴንም ገና ልጅ ሳለሁ ነው ያቋረጥኩት። ነገር ግን እጄ ሥራውን ለመደ። ቀኝ እጄ ከብልቃጡ ጠብታ ሲያነሳ፣ ግራ እጄ ማንም ሳያዘው የባሕር ውሃውን ጠርሙስ ያነሳል። የሥራ ባልደረቦቼ «ጃርቱ» ይሉኛል።

ባለቤቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለ አዳራሽ ውስጥ ከስድስት ሴቶች ጋር ትሠራለች። ሰዎች የመስኮታቸውን ልክ በእጃቸው እየዘረጉ «ይህን ያህል ነው» ሲሏት ሳትስቅ ትሰማቸዋለች፤ ከዚያ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ቤታቸው ሄዳ ራሷ ትለካለች። ሰው የነገራትን ሳትለካ አትቆርጥም። እኔን ግን ሳትለካ አመነችኝ።

የምንኖረው አንድ ሕንጻ ላይ ነው፤ እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ እናቴ ከታች። በየዕረፍት ቀኑ ምሳ እናቴ ቤት እንበላለን፤ አጎቴና ሚስቱ፣ እህቴና ባሏም ይመጣሉ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ማንም ምንም አላለም። በሁለተኛው ዓመት የአጎቴ ሚስት ባለቤቴ በር ስትገባ ቀድማ ወገቧን ማየት ጀመረች። በሦስተኛው እናቴ አፏን ከፈተች።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን የሆዷን አፏ ላይ የምታኖር ሴት ናት። «ማህፀንሽን ብርድ መትቶት ይሆናል» አለቻት አንድ ቀን፣ ሳህን እያቀበለቻት። በሳምንቱ የሚጠጣ መራራ ሥር ቀቅላ በጠርሙስ ላከችላት። ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችው። ሌላ ጠርሙስ መጣ። እሱንም ጠጣችው።

ያኔ ነው አንድ ሐሳብ ውስጤ የገባው። እኔ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ የምውል ሰው ነኝ። የሰውን ሁሉ ጥርጣሬ በአንዲት የመስታወት ስላይድ ልጨርሰው እችላለሁ አልኩ።

የዕረፍት ቀን ተረኛ የሆንኩበትን ጠዋት መረጥኩ። በዚያ ቀን ጣቢያው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። ብልቃጡን እንዴት እንደሞላሁ አልተርክም፤ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። ብቻ የጣቢያው መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ስለማይሠራ በሩን በእግሬ ደግፌ እንደነበር ልንገራችሁ። ውርደቱ ከዚያ ይጀምራል።

ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ አኖርኩ። ግራ እጄ ጠርሙሱን አነሳ፤ የባሕር ውሃ ጨመርኩ፤ በስስ መስታወት ሸፈንኩና ዓይኔን አስጠጋሁ።

ነበሩ። ብዙ ነበሩ። ከጃርት ዘር ይልቅ ራሳቸው ሰፋ፣ ጭራቸው ረዘም ያለ ነው። አንዱም አይንቀሳቀስም።

አልነቁ ይሆናል ብዬ ሌላ ጠብታ የባሕር ውሃ ጨመርኩ። ጠበቅሁ። ሁለተኛ ስላይድ ሠራሁ፤ እንደ ፊተኛው ነው። መሣሪያው ላይ ለማሳበብ ከበረዶው ላይ የጃርት ብልቃጥ አነሳሁና በዚያው ውሃ፣ በዚያው መስታወት አየሁት። በማይክሮስኮፑ የሚታየውን ሜዳ ሞሉት፤ እየተጋጩ፣ እየተሽከረከሩ። ስለዚህ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ የውሃውም አይደለም። የእኔ ነው።

ስላይዶቹን ሦስት ጊዜ አጠብኳቸው። ከዚያ ያጠብኳቸውን ሰብሬ ጣልኳቸው። ጃርቶቹን መገብኩ፤ የገንዳዎቹን ሙቀት መዘገብኩ። ስወጣ ዘበኛው ከጋዜጣው ቀና ብሎ «ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም» አለኝ።

«ራሴን አሞኛል» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃያ ወር ያልዋሸሁት ሰው የለም፤ መጀመሪያው እሱ ነበር።

ወደ ቤት ስሄድ ለባለቤቴ ልነግራት ወስኜ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ቃላቱን እያዘጋጀሁ ነበር። በሩን ስከፍት ወለሉ ላይ ተንበርክካ የራሳችንን መስኮት መጋረጃ ትቆርጣለች፤ ሰማያዊ ነው፤ ሲያምራት ቆይቶ የገዛችው ጨርቅ። ቀና ብላ ፈገግ አለችና «ለምሳ ዘገየህ፣ እናትህ ሁለት ጊዜ ላከች» አለችኝ። «ገንዳ ፈስሶ ነበር» አልኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ የሚባለው ቀን እንደ ዘመድ ነው፤ ሁሌ ይመጣል፣ ምንም አያደርግም።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ፣ ይህ የሆነው እኔ ካየሁ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ እናቴ በሁሉም ፊት «የእኛ ቤት ዘር አይደርቅም፤ ከሌላ ቤት የመጣ ካልሆነ» አለች። ማንን እንደምትል ሁሉም ያውቃል። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እህቴ ሳህኗን አየች። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ነው የጠበቀችው፤ «እማዬ፣ ተይ» ቢሆንም ይበቃት ነበር።

እኔ ዳቦ ለማንሳት እጄን ዘረጋሁ።

ፎቅ ስንወጣ «አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«አሮጊት ናት፣ ተያት። ጆሮ አትስጫት።»

«ጆሮዬን የት ላስቀምጠው?» አለች። ቁልፌን ፈለግሁ፤ በእጄ ነበር።

ሰው እፍረቱን ሲሸሽ ጭካኔ ላይ ይወድቃል ሲባል ሰምቼ አላምንም ነበር። ማመን የጀመርኩት በራሴ ነው። ወራት ባለፉ ቁጥር ባለቤቴን ማየት አቃተኝ፤ ስላላየኋት ደግሞ እሷ የተጠላች መሰላት። ጥፋቷን ፍለጋ ሐኪም ቤት መመላለስ ጀመረች። ደም ሰጠች። ማሽን ሆዷ ላይ አሳለፉ። አንዷ ነርስ «ባልሽም ቢመረመር ጥሩ ነው፤ የወንዱ ቀላል ነው፣ አንድ ብልቃጥ ነው» ብላት ማታ እራት ላይ ነገረችኝ። እየፈራች ነው የነገረችኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ስድብ እንዳልወስደው እየተጠነቀቀች።

እኔም እንደ ስድብ ወሰድኩት። «በእኛ ቤት መካን ወንድ ኖሮ አያውቅም» አልኳት። የእናቴ ቃል ነው፤ በእኔ አፍ ወጣ። ልቤ እያወቀ ነው ያልኩት፤ ያወቀ መስሎት።

«እሺ» አለች፤ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ስላይዱን ባየሁ በዘጠነኛው ወር ማህፀን ውስጥ ቀለም ገፍተው ፎቶ የሚያነሱበት ምርመራ ታዘዘላት። አብሬያት ሄድኩ፤ ጥሩ ባል ነኝ። ኮሪደሩ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከበሩ በስተጀርባ ድምጿን ሰማሁ፤ ጩኸት አልነበረም፤ ሰው ጣቱን በር ሲቆልፍበት የሚያወጣት አጭር ድምፅ ናት። ሁለተኛ ሰማሁ። ተነስቼ በሩን ከፍቼ «አቁሙ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት እችል ነበር። እጀታው ከእኔ አራት እርምጃ ላይ ነበር። ቆጥሬዋለሁ።

ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «ቱቦው ክፍት ነው አሉ» አለችኝ፤ «ምንም የለብሽም አሉኝ።» ደስ ያላት አልመሰለችም። ጥፋት ቢገኝባት ይቀላት ነበር፤ ቢያንስ ስሙን ታውቀዋለች። ክንዷን ይዤ እስከ አውቶቡሱ አደረስኳት። መንገድ ላይ አንዲት ሴት «እንዲህ ዓይነቱን ባል ይስጥሽ» ብላ ልጇን በክርኗ ስትነካት አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን መሬት በፈለጓት ጊዜ አትከፈትም።

ይህ ሁሉ እንደዚሁ ይቀጥል ነበር። ያቋረጠው የነርስ ተማሪዎች ጉብኝት ነው።

ፕሮፌሰሯ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለእንግዶች የባሕር ጃርት እንቁላል ከዘሩ ጋር ሲገናኝ ያሳያሉ። እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ አዘጋጃለሁ። ያን ቀን ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። ምስሉ ግድግዳ ላይ በስክሪን ይታያል። መጀመሪያ ደረቁን አሳየኋቸው፤ ዝም ያለ። ከዚያ ፕሮፌሰሯ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ የባሕር ውሃ ጠብ አደረግሁ። ሜዳው ተናወጠ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እንቁላሎቹን ስጨምር ዙሪያቸውን ወረሩ፤ ደቂቃ ሳይሞላ በእያንዳንዷ እንቁላል ዙሪያ ቀጭን ሽፋን እንደ ፊኛ ተነሳ፤ ከእንግዲህ ሌላ አይገባም ማለት ነው።

ከኋላ የቆመች መነጽር ያደረገች ተማሪ እጇን አወጣች። «የሰውስ እንዲሁ በባሕር ውሃ ይነቃል?»

ፕሮፌሰሯ ሳቅ አሉ። «የሰው ከሆነ ወዲያው ይገድለዋል። የባሕር ውሃ ጨው ለእኛ ሕዋስ ከልክ ያለፈ ነው፤ ውስጡ ያለውን ውሃ መጥጦ ያኮማትረዋል። ጤነኛ ከሆነ ሰው ወስዳችሁ እዚህ ስላይድ ላይ ብታደርጉት ሁሉም ሲሞት ታዩታላችሁ። እያንዳንዱ ፍጥረት የሚነቃበት የራሱ ውሃ አለው።»

በእጄ የያዝኩት የበረዶ ሳህን አዘነበለ፤ ብልቃጦቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ተንበርክኬ ለቀምኳቸው። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ መነሳት አቃተኝ። «ጃርቱ፣ ተጎዳህ?» አሉኝ ፕሮፌሰሯ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠጋ ብዬ «ፕሮፌሰር፣ ያ የሰው ያሉት… ወዲያው ነው የሚሞተው? ሁለተኛ ጠብታ ቢጨመርስ?» አልኳቸው።

ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ብልህ ሴት ናቸው። «ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

«ሐኪም ቤት በትክክል የሚያዩ አሉ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ጠረጴዛቸውን ማጽዳት ጀመሩ፤ እኔ ማጽዳት የሚገባኝን ጠረጴዛ። ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩት እንዳላፍር ብለው ነው። እኔ ግን በዚያው አፈርኩ።

የመጀመሪያ ስሜቴ ምን ነበር ቢባል፣ ደስታ ነው። መካን አይደለሁም አልኩ። በባሕሩ ዳርቻ መንገድ እየፈጠንኩ ስሄድ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ለማንም ነግሬው የማላውቀው ይህ ነው። «እንግዲያው ከእሷ ነው» አልኩ በልቤ። ሐኪሞቹ ምንም የለባትም እንዳሉ እያወቅሁ፣ ሃያ ወር በእኔ ፈንታ ተሸክማ የኖረችውን ሸክም አሁንም መልሼ እሷው ላይ ልጭነው ነበር። ቆምኩ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ፊቴን እሸፍን ነበር።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ላብራቶሪ ውስጥ የተቀበለኝ ሰው በዕድሜ እኔን የሚያህል፣ በነጭ ካፖርቱ ኪስ ሦስት እስክሪብቶ የደረደረ ሰው ነው። ስላይዱን ሲያዘጋጅ በመስታወቱ አሻግሬ አየሁት። ጠብታውን አኖረ፤ ሸፈነ፤ አበቃ።

«ምንም አይጨምሩበትም?» አልኩት።

«ምን እጨምርበታለሁ?» አለኝ።

ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ደኅና ነው፤ ቁጥሩም እንቅስቃሴውም» አለ። እሱ ሊያጽናናኝ ፈገግ ሲል እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት ስሄድ ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ወረቀቱን ብቻ አሳያታለሁ። «ተመርምሬያለሁ፣ ሁለታችንም ደኅና ነን» እላለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን ሆድ ይፍጀው።

ባለቤቴ መተኮሻዋን አስቀምጣ ወረቀቱን አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀኑንም አየች፤ ሳትለካ አትቆርጥም ብያችኋለሁ።

«ያኔ እምቢ ብለህ ዛሬ ምን አስነሳህ?»

«እንዲሁ… አሰብኩበት።»

«አንተ እንዲሁ አታስብም» አለች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ንገረኝ።»

ነገርኳት። ከመጸዳጃ ቤቱ በር ጀመርኩ፤ እስከ ተማሪዋ ጥያቄ ደረስኩ። ስለ ባሕሩ ውሃ፣ ስለ ጨዉ ሳስረዳ ረጅም ጊዜ ወሰድኩ፤ የማውቀው እሱን ነውና። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መተኮሻውን ከሶኬት ነቀለች፤ ገመዱን በእጇ ላይ ጠመጠመች።

«ያየኸው ቀለም ሳይገፉብኝ በፊት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ?»

«በፊት።»

«ስንት ወር?»

«ዘጠኝ።»

«እናትህ ከሌላ ቤት የመጣ ያለች ቀን?»

«ጠዋቱን ነበር ያየሁት።»

«ከዚያ ዳቦ አነሳህ።»

እንዳላየችው ነበር የማስበው። «ተሳስቼ ነበር» አልኳት። «ሁሉም ስህተት ነበር። ሁለታችንም ምንም የለብንም።»

«መሳሳትህ ላንተ ነው የሚጠቅምህ» አለች። አልጮኸችም። «እኔን ምን ይረባኛል? አንተ የራስህ ጥፋት እንደሆነ ታምን ነበር። እያመንክ ነው እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጥከው። ደኅና ሆነህ ተገኘህ እንጂ፣ ደኅና ሰው አልነበርክም።»

በማግስቱ ጠዋት ልብሷን በአንድ ሻንጣ፣ የስፌት ዕቃዋን በሌላ ይዛ እህቷ ቤት ሄደች። ሻንጣውን እስከ አውቶቡስ ልሸከምላት ስል «ተው፣ ሰው ጥሩ ባል ይልሃል» አለችኝ። ያቺን መንገደኛ ሴትዮ እሷም ሰምታት ኖሯል።

ለስድስት ቀን ብቻዬን ተቀመጥኩ። በሰባተኛው፣ በምሳው ቀን፣ ወደ ታች ወረድኩ። ሁሉም ነበሩ። እናቴ «ሚስትህስ?» አለች።

«እህቷ ዘንድ ናት። የምነግራችሁ ነገር አለ» አልኩና ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ሥራዬ ዓሣ መቀለብ እንዳልሆነም ያኔ ነው የተናገርኩት። ስለ ብልቃጡ ስደርስ አጎቴ «ሴቶች ባሉበት?» አለ። «እሷንም ሴቶች ባሉበት ነበር የምትሰድቧት» አልኩት። እንዲያ ያለ ቃል በዚያ ቤት ተናግሬ አላውቅም። ድፍረት እንዳይመስላችሁ፣ እፍረት ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ድፍረት ሰውን የበለጠ ያሳፍራል።

ሁሉም ምሳቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። እናቴ ሳህኖቹን ሳታነሳ ተቀመጠች።

«ለእኔ ብትነግረኝ ኖሮ እደብቅልህ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ እማዬ። እሷ ላይ እየጣልሽ ነበር የምትደብቂልኝ።»

የአንዱን ሳህን ጠርዝ በጣቷ ጠረገች። «ያን መራራ ሥር» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ ራሴ ቀምሼው አላውቅም።»

ባለቤቴ በሰባተኛው ሳምንት ተመለሰች። የለመንኳት ብዙ ነው፤ የመጣችው ግን ስለለመንኳት አይመስለኝም። «የእህቴ ልጆች እንቅልፍ አይሰጡም» ነው ያለችው። እውነቱን ይሁን ቀልዱን አልጠየቅኋትም። የእናቴ ምሳ ላይ ከእንግዲህ እንደማትቀመጥ ነገረችኝ፤ እኔ መሄድ ከፈለግሁ እንድሄድ። አልሄድኩም።

ከተመለሰች በአሥረኛው ቀን እናቴ ሦስት ፎቅ ወጥታ በራችንን አንኳኳች። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ከወጣች ዓመት ሆኗት ነበር። ባለቤቴ ወንበር ሰጠቻት፤ ውሃ አቀረበችላት። ከዚያ ተመልሳ ወለሉ ላይ የዘረጋችውን ጨርቅ መለካት ጀመረች። እናቴ ስለ ደረጃው አወራች፤ ስለ አየሩ አወራች፤ ስለ ጨርቁ ቀለም አወራች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እናቴን ላግዛት ስል ባለቤቴ ሳትዞር እጇን አነሳችብኝ፤ ተው ማለቷ ነው።

«ይናገሩ እማማ» አለቻት፤ «እሰማለሁ።»

«ምን አፍ ኖሮኝ ልናገር» አለች እናቴ። ውሃውን ጠጣች። «በድዬሻለሁ፣ ልጄ። ሳላውቅ ነው ልበል ብዬ ነበር የወጣሁት። ደረጃው ላይ ሳስበው ግን ማወቅ አልፈለግሁም ነበር።»

ባለቤቴ ሜትሯን ጠቀለለች። «ደረጃውን ሲወርዱ ይጠንቀቁ» አለቻት፤ ክንዷን ይዛ እስከ ታች አወረደቻት። እዚያ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ባለቤቴ ስትመለስም አልጠየቅኋት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ልጅ እስካሁን አልመጣም። ሐኪሙ «አንዳንዴ ምክንያት የለውም፣ ጠብቁ» ይለናል፤ እኛም እንጠብቃለን፤ አንዳንዴም መጠበቃችንን እንረሳለን። ሰው «እናንተ መቼ ነው?» ሲል እኔ ቀድሜ እመልሳለሁ። ባለቤቴ ግን ከመመለሴ በፊት ያለችውን ያችን ግማሽ ትንፋሽ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች፤ እመልስ አልመልስ እንደሆነ። ያን አስተያየቷን እስካሁን አላስቀረሁትም።

አዲስ ልማድ አምጥታብኛለች። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን ሳትነግረኝ፣ እራት እየበላን ሳለ ወይም ጫማዬን ሳስር «ያልነገርከኝ ምን አለ?» ትለኛለች። ቁጣ የለበትም፤ የመስኮት ስፋት እንደምትጠይቅ ነው። እኔም ራሴን እፈትሻለሁ። ትንሽ ነገር ነው አብዛኛውን ጊዜ፤ ለባልደረባ የዋሸሁት፣ የሰበርኩት ዕቃ፣ ሳልወድ ያመሰገንኩት ሰው። እያፈርኩ እነግራታለሁ። ምንም የለም ብዬ የመለስኩላት ቀን እስካሁን የለም።